ገንዘቡ ከመንግሥት፥ ቃሉስ ከማን?

መንግሥት ለቴአትር ገንዘብ ይስጥ አይስጥ የሚለው ክርክር በተነሣ ቁጥር ከሁለት ወገን የሚሰማው መልስ አስቀድሞ የታወቀ ነው። አንደኛው ወገን «የመንግሥትን እንጀራ የበላ የመንግሥትን ቃል ይናገራል፤ ስለዚህ ገንዘቡም ይቅርብን» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ከፋዩ የሚወደውን ቢያዝ ምን ነውር አለበት? ተቀብሎ የሚሳደብ የበላበትን ወጪት ሰባሪ ነው» ሲል ይመልሳል። እኛ የቴአትር ክበብ አባሎች ይህን ክርክር በምግብ ቤቱ ሰልፍ ላይ ሳይቀር ስንሰማው ከርመናል፤ በሁለቱም አልረካንም። የመጀመሪያው ተከራካሪ አዳራሽ ተከራይቶ፣ መብራት ተውሶ፣ ለተዋናይ የታክሲ ከፍሎ የሚያውቅ አይመስለንም። ሁለተኛውም ወጪቱ የማን እንደ ሆነ ዘንግቶታል። የወጪቱ ባለቤት ቼኩን የሚፈርመው ሹም አይደለም፤ ግብር የሚከፍለው ሕዝብ ነው።

ወደ ራሳችን ቤት ከመግባታችን በፊት አንባቢን ወደ አሜሪካ ልናሻግር እንወዳለን። የምናሻግረውም የፈረንጅ ምሳሌ ለማብዛት ብለን አይደለም፤ ነገሩ በእኛው በኢትዮጵያ ስም የተፈጸመ ስለ ሆነ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1935 በዚያ አገር ሥራ ፈቱ በሚሊዮን የሚቈጠርበት ዘመን ነበር። የፕሬዚዳንት ሩዝቬልት መንግሥት ለሥራ ፈቶች ሥራ ለመስጠት ባቋቋመው ትልቅ ድርጅት ውስጥ የፌዴራል ቴአትር የሚባል ክፍል ተከፈተ። መንገድ ጠራጊው ሥራ ካገኘ ተዋናዩስ ለምን አያገኝም ተብሎ መሆኑ ነው። መሪዋ ሃሊ ፍላናጋን የምትባል የቫሳር ኮሌጅ የቴአትር መምህርት ነበረች። በኒውዮርክ አንድ ተዋናይ በሳምንት ወደ 24 ዶላር ይከፈለው ነበር፤ ድርጅቱ ሲበረታም ከ12 ሺህ በላይ ሰዎችን ቀጥሮ ነበር። የበላይ አለቃው ሃሪ ሆፕኪንስ ይህ ቴአትር ሳንሱር የማይነካው ነጻ ቴአትር እንደሚሆን በአደባባይ ተናገረ። በዚህ ቃል ላይ ጥቂት እንቈይበታለን፤ ቃሉ ከአፍ ከወጣ ስድስት ወር ሳይሞላው ተፈትኗልና።

ሥራ ካጡት መካከል ጋዜጠኞችም ነበሩ። እነርሱንና ተዋናዮቹን አንድ ላይ አድርጎ «ሕያው ጋዜጣ» የሚባል ዓይነት ቴአትር ተፈጠረ፤ ይኸውም የሰሞኑን ወሬ ከነማስረጃው በመድረክ ላይ የሚያሳይ ነው። ለመጀመሪያው ትርኢት የተመረጠው ርእስ ምን ነበር? «ኢትዮጵያ»። የፋሺስት ኢጣልያ ጦር መረብን ተሻግሮ አገራችንን ከወረረ ገና ጥቂት ወራት ነበሩ። ለርእሱ መመረጥ አንዱ ምክንያት ደግሞ እንዲያው የሚያስገርም ነው፤ ከአፍሪካ ሄዶ በአሜሪካ መመለሻ ያጣ፣ እንግሊዝኛም በቅጡ የማይናገር አንድ የዘፈንና የከበሮ ጓድ በሥራ ፈቶቹ መዝገብ ላይ ተገኝቶ ነበርና፣ ለእርሱ የሚሆን ሥራ ሲፈለግ ነው። ከበሮው የእነርሱ ይሁን፣ ንግግሩ ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱና ሙሶሊኒ በአደባባይ ከተናገሩት ይወሰድ ተባለ። ደራሲው ከራሱ የጨመረው ስድብ አልነበረም፤ ሰዎቹ የተናገሩትን መልሶ ማሰማት ብቻ ነው።

ልምምዱ ተጠናቀቀ። ከዚያ በኋላ ከዋሽንግተን ትእዛዝ ወረደ። የውጭ አገር መሪ ወይም ሚኒስትር አስቀድሞ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ካልፈቀደ በቀር በሕያው ጋዜጣ መድረክ ላይ እንዳይታይ የሚል ነው። ልብ እንበል፤ ትእዛዙ «ኢትዮጵያ የሚባለው ቴአትር ተከልክሏል» አይልም። እንዲህ ብሎ ለመጻፍ ድፍረት ያስፈልጋል። «አስቀድሞ ይፈቀድ» ይላል እንጂ። ሙሶሊኒ የሌለበት የኢትዮጵያ ወረራ፣ ንጉሠ ነገሥቱ የሌሉበት አቤቱታ ደግሞ እንዴት ያለ ቴአትር እንደሚሆን አንባቢ ይፍረደው። የኒውዮርኩ ኃላፊ ኤልመር ራይስ፣ እርሱ ራሱ ስመ ጥር ደራሲ ነበረ፣ እ.ኤ.አ. ጥር 24 ቀን 1936 ጋዜጠኞችን ጠርቶ ልምምዱን አንድ ጊዜ ብቻ አሳያቸውና ሥራውን ለቀቀ። በዚያው ሳምንት በተምቤን ተራሮች ላይ የአባቶቻችን ጦር እየተዋጋ ነበር። እነርሱ ስለዚህ ቴአትር ሰምተው እንደማያውቁ የታወቀ ነው፤ ይሁን እንጂ በኒውዮርክ ከተማ ስለ እነርሱ ሊመታ የነበረ ከበሮ በአንድ ወረቀት ዝም መባሉን ስናስብ ዛሬም ቢሆን ያንገበግበናል።

ያ መንግሥት ክፉ ነበር ለማለት አይደለም። ገንዘቡን የሰጠው በቅን ልቡና ነው። ገንዘቡን ባይሰጥ ኖሮ ያ ቴአትር መጀመሪያውኑ አይታሰብም ነበር። የወደደውን የሰጠ እጅ ራሱ የፈራ ዕለት ምን እንደሚያደርግ ለማሳየት ነው።

የቀረውን ታሪክ በአጭሩ እንለፈው። የፌዴራል ቴአትር ከዚያ በኋላም ብዙ መልካም ሥራ ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1936 ሃያ ዓመት የሞላው ኦርሰን ዌልስ ማክቤዝን በሃርለም በጥቁሮች ተዋናዮች አሳየ። ስለ ድኾች መኖሪያ ቤት፣ ስለ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ስለ ገበሬው ችግር ሕያው ጋዜጦች ወጡ። በ1937 ግን ሌላ ነገር መጣ። ማርክ ብሊትስታይን የጻፈው፣ ስለ ብረት ፋብሪካ ሠራተኞች ማኅበር የሚናገር የዘፈን ቴአትር ሊከፈት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት «በጀት ስለሚቀነስ እስከ ሐምሌ ወር ድረስ አዲስ ትርኢት አይከፈት» የሚል ሰርኩላር ወጣ። እንግዲህ ሰርኩላሩ ስለ ሠራተኛ ማኅበር አንድ ቃል የለበትም! ስለ ገንዘብ ብቻ ነው የሚናገረው። በሰኔ 16 ቀን ምሽት የቴአትሩ በር በዘበኛ ተዘጋ፤ አልባሳቱና ጌጡ የመንግሥት ንብረት ነው ተብሎ አንድ ተዋናይ ሰው ሠራሽ ጠጉሩን እንኳ ይዞ እንዳይወጣ ተከልክሏል ይባላል። አዘጋጆቹ ሌላ ባዶ አዳራሽ ተከራይተው ተመልካቹን በእግር ሃያ መንገድ ያህል ወሰዱት። የተዋናዮቹ ማኅበር መድረክ ላይ እንዳይወጡ ስለ ከለከላቸው ደራሲው ብቻውን በመድረኩ ላይ ፒያኖ ይመታ ጀመረ፤ ተዋናዮቹም በተመልካቹ መካከል በየተቀመጡበት እየተነሡ ተራቸውን ዘፈኑ። መድረክ ላይ እንዳይወጡ ተከለከሉ እንጂ ከወንበራቸው እንዳይነሡ የከለከላቸው አልነበረምና።

በመጨረሻ ነገሩ ምክር ቤት ደረሰ። በታኅሣሥ 1938 ሃሊ ፍላናጋን በኮሚቴ ፊት ቀርባ ስትመረመር አንድ እንደራሴ ከጽሑፎቿ ውስጥ ማርሎው የሚለውን ስም አንሥቶ «ይህ ሰው ኮሙኒስት ነው ወይ?» ብሎ ጠየቃት። ማርሎው ከሼክስፒር ጋር በአንድ ዘመን የኖረ ደራሲ ነው፤ ከሞተም ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ሰው ሳቀ። ሳቁ ግን ቴአትሩን አላዳነውም። በሰኔ 30 ቀን 1939 ምክር ቤቱ ገንዘቡን በሕግ አቋረጠ፤ ድርጅቱ ከጠቅላላው የሥራ ፈቶች በጀት አንድ በመቶ እንኳ የማይወስድ ሳለ በቁጠባ ስም ተዘጋ።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ።

በአገራችን የጥበብ ሰው ከጌታ ቤት መብላቱ አዲስ ነገር አይደለም። አዝማሪው በመሳፍንቱ ግብር ቤት ይበላ ይጠጣ ነበር፤ ያወድሳልም። ይሁን እንጂ ሰሙን ለጌታው ሰጥቶ ወርቁን ለሚያውቅ ሰው የማቀበል ልማድ ነበረው፤ ጌታውም ቢገባው እንኳ በእንግዳ ፊት መቈጣት ያሳፍረው ነበርና ሥቆ ያልፈዋል። ይህ ልማድ የጽሕፈት መኪና እስኪመጣ ድረስ ሳያገለግል አልቀረም። በአፍ የተነገረ ቅኔ ይተናል፤ በሦስት ግልባጭ የተጻፈ ቴአትር ግን በመዝገብ ቤት ቁጥር ይሰጠዋል።

የመጀመሪያው የአማርኛ ቴአትር ዕድል ይህንኑ ያሳያል። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በሩስያ ተምረው ከተመለሱ በኋላ በ1910ዎቹ ዓ.ም. «ፋቡላ፥ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ጽፈው አሳዩ። አራዊት እየተናገሩ የሹማምንትን ምግባር የሚያሳይ ተረት ነው። መኳንንቱ ራሳቸውን በአራዊቱ ውስጥ ለማግኘት ብዙ አልደከሙም፤ ቴአትሩም በቤተ መንግሥት ትእዛዝ ተከለከለ። ለእኛ የሚያስገርመን ግን የኋላው ነው። ቴአትራቸው የተከለከለባቸው እኒሁ ሰው በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የመጀመሪያውን የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አረቀቁ፤ በኋላም በዤኔቭ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ አገራቸው ተሟገቱ። ሕገ መንግሥት ለመጻፍ የታመነ ብዕር ስለ አውሬዎች ለመጻፍ ሳይታመን ቀረ ማለት ነው።

የመንግሥት እጅ ሁልጊዜ ለመዝጋት ብቻ ተዘርግቷል ብንል ደግሞ እንዋሻለን። በ1927 ዓ.ም. ሐምሌ ወር፣ ጠላት በደጅ ሳለ፣ መኰንን ሀብተ ወልድ የሀገር ፍቅር ማኅበርን ሲያቋቁሙ ዓላማው ሕዝቡን በዘፈንና በንግግር ለነጻነቱ ማነሣሣት ነበር። ያን ጊዜ ባለሥልጣኑ የሚፈልገውና ሕዝቡ የሚፈልገው አንድ ስለ ነበረ ጣልቃ ገባ ብሎ ያማረረ አልነበረም። ከነጻነት በኋላም ከዚሁ ቤት ስንት ዘፋኝና ስንት ተዋናይ እንደ ወጣ አንባቢ ያውቀዋል።

ቀጥሎ የመጣው ትልቁ ቤት ነው። ኢጣልያኖች ሲኒማ ሊያደርጉት ጀምረው የተዉት ሕንጻ ለንጉሠ ነገሥቱ የሃያ አምስት ዓመት የዘውድ በዓል ተፈጽሞ በ1948 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተብሎ ተከፈተ፤ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ነው። በፊቱ የቆመውም የድንጋይ አንበሳ በዚያው ጊዜ የተሠራ ነው። በመክፈቻው የታየው ቴአትር «ዳዊትና ኦርዮን» ሲሆን ደራሲው መኰንን እንዳልካቸው፣ በጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ናቸው። ነገሩ ከመጽሐፍ ቅዱስ የተወሰደ ነው፤ ንጉሥ ዳዊት የወታደሩን ሚስት ወስዶ ወታደሩን በጦር ሜዳ እንዲሞት መላኩን የሚናገር። በንጉሥ በዓል ላይ የንጉሥ ኃጢአት በመድረክ መታየቱ ቀላል ነገር አይደለም፤ በዚህስ ደራሲውን እናደንቃለን። ነገር ግን ይህንኑ ታሪክ አንድ ስም የሌለው የሃያ ዓመት ተማሪ ጽፎት ቢያመጣ ያ መጋረጃ ይከፈትለት ነበር ወይ? ብለን መጠየቃችን አልቀረም።

ይህን ጥያቄ ያለ ምክንያት አላነሣነውም። ተማሪዎቹ ብዙም ሳይቈዩ መልሱን ራሳቸው አግኝተውታልና። በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በየዓመቱ የኮሌጅ ቀን ሲከበር ተማሪዎች ግጥማቸውን በተሰበሰበው ሕዝብና በባለሥልጣኖች ፊት ያነቡ ነበር። በ1953 ዓ.ም. ታምሩ ፈይሳ «ድሃው ይናገራል» የተባለውን አነበበ። ግጥም ከመጽሔት ገጽ ወጥቶ በድምፅ ሲነገር ሌላ ነገር ይሆናል፤ አዳራሹ እኩል ይሰማዋል፣ እኩልም ያጨበጭባል፤ ያጨበጨበውን ሰው ሁሉ መቅጣት ደግሞ አይቻልም። በተከታዩ ዓመት በተነበቡት ግጥሞች ምክንያት ተማሪዎች ታገዱ። አዳራሹም፣ ወንበሩም የመንግሥት ነበር። የመንግሥት ያልነበረው አንድ ነገር በዚያ ምሽት ተሰማ፤ ለዚህም ዋጋ ተከፈለበት።

ከ1966 ዓ.ም. በኋላ ነገሩ መልኩን ለወጠ። አብዮቱ ቴአትርን ናቀ ማለት አይቻልም፤ እንዲያውም የሚያህለው ወዳጅ አልነበረም። በየቀበሌው የኪነት ቡድን ተቋቋመ፣ ከበሮና ክራር ተገዛ፣ የደንብ ልብስ ተሰፋ። በ1971 ዓ.ም. በዚህ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል ተከፈተ፤ ዛሬ በየመድረኩና በየፊልሙ የምናያቸው ብዙዎች የዚህ ክፍል ፍሬዎች ናቸው። ገንዘቡ ከምን ጊዜውም ይልቅ በዛ። ቃሉ ግን ጠበበ። «ሀ ሁ በስድስት ወር»ን የጻፈው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ብሔራዊ ቴአትርን ይመራ ከነበረበት ቦታ ተነሥቶ ለጊዜው ታሰረ። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመን የተጠቀሰው ተከራካሪ፣ «ይቅርብን» የሚለው፣ እዚህ ላይ «አላልኳችሁም?» ሳይለን አይቀርም። እኛም እንመልስለታለን፤ በዚያ ዘመን የመንግሥትን ገንዘብ ያልተቀበለ ደራሲስ ነጻ ነበር ወይ? ገንዘብ ያልወሰደም ሰው ይያዝ ነበር። እንግዲህ የሚያስረው ገንዘቡ ብቻ አይደለም። መድረኩ፣ ፈቃዱ፣ የአዳራሹ ቁልፍ ሁሉ በአንድ እጅ መሆኑ ነው።

በዚህ ረገድ እንግሊዞች አንድ ብልሃት ዘየዱ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1946 የጥበባት ምክር ቤት አቋቁመው፣ መንግሥት ገንዘቡን ለምክር ቤቱ ይሰጣል፣ ለማን እንደሚሰጥ የሚወስነው ግን ምክር ቤቱ ነው፣ ሚኒስትሩ አይገባበትም አሉ። መልካም ነው። ይሁን እንጂ እነዚሁ እንግሊዞች ከ1737 ጀምሮ እስከ 1968 ድረስ ማንኛውም አዲስ ቴአትር ከመታየቱ በፊት ለአንድ የቤተ መንግሥት ሹም እየቀረበ እንዲነበብ በሕግ ያስገድዱ ነበር። በገንዘቡ በኩል የራቀው እጅ በጽሑፉ በኩል ቀርቦ ሃያ ሁለት ዓመት ያህል አብሮ ኖረ። ብልሃታቸውን ስንቀዳ ሁለቱን አብረን እንዳንቀዳ ነው ይህን ማንሣታችን።

አሁን የራሳችንን ነገር እንናገር።

ክበባችን ያለፈውን መንፈቅ የፈጀው አንድ ቴአትር በማዘጋጀት ነው። ነገሩ ተራ ነው፤ በአንድ ቀበሌ ዘይትና ስኳር ሊታደል ሰው ከሌሊት ጀምሮ ይሰለፋል፤ ስም የሚመዘግበው የቀበሌ ሹም የራሱ ዝርዝር አለው፤ አንዲት እናት በሰልፉ ላይ ውላ ስሟ ሳይጠራ ይመሻል። ሰልፉን ለመጻፍ ሩቅ መሄድ አላስፈለገንም፤ ከመካከላችን እናቱ ያልተሰለፈች የለችም። አንድ ገንዘብ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት፣ ስሙን አንጠራም፣ ለአዳራሽ፣ ለመብራትና ለአልባሳት እንዲረዳን አመለከትን። ጽሑፉን በሦስት ግልባጭ አምጡ ተባልን፤ አመጣን። ከአምስት ሳምንት በኋላ አንዱ ግልባጭ ተመለሰልን። የተከለከለ ነገር የለበትም፤ እንዲያውም በመጀመሪያው ገጽ ላይ «ጥሩ ጅምር ነው፤ ይበረታታ» ተብሎ ተጽፎበታል። ከዚያ በታች ግን በቀይ እስክሪፕቶ «የቀበሌው ሹም ነጋዴ ቢሆን ይሻላል» የሚል አለ። ፊርማ የለውም።

ይህችን አንዲት መስመር ስንመረምራት ሰነበትን። «ቢሆን ይሻላል» ትእዛዝ ነው ወይስ ምክር? ሄደን ስንጠይቅ አንድ ትሑት ጸሐፊ «አስተያየት ነው፤ እናንተ እንደ መሰላችሁ አድርጉ፤ ገንዘቡ ግን የሚለቀቀው ተሻሽሎ ሲመጣ ነው» አሉን። ሰውየውን አንወቅሳቸውም፤ የተነገራቸውን ነው የነገሩን። ከዚህ በላይ ግልጽ የሆነ መልስም አናገኝም። ከዋሽንግተን የወረደው «አስቀድሞ ይፈቀድ» የሚለው ወረቀት የልጅ ልጅ መጥቶ በእጃችን ገባ አልን።

በክበቡ ውስጥ አሳባችን ተከፍሏል። አንዳንዶቻችን «ነጋዴ ቢሆንስ ምን አለበት? ነጋዴም ይሰርቃል፤ ተመልካቹ ሞኝ አይደለም፣ ወርቁን ራሱ ያወጣዋል» ይላሉ። ይህ አሳብ የሚናቅ አይደለም፤ የአዝማሪው መንገድ ነውና። ነገር ግን ቴአትሩን ለሚያውቅ ሰው ለውጡ የስም ለውጥ ብቻ አይደለም። እናቲቱ በነጋዴው ብትበደል ሌላ ሱቅ መሄድ ትችላለች። ቀበሌ ግን አንድ ነው። ሌላ ሰልፍ የለም። የቴአትሩ አጥንት ይኸው ነው፤ አጥንቱን አውጥተን ሥጋውን ብቻ ብናቆመው አይቆምም። ነጋዴውስ ቢሆን ባልሠራው ለምን ይከሰሳል? በሐሰት ያማነው እኮ እርሱን ነው።

ሌሎቻችን «ገንዘቡን እንተው፤ በመኝታ ቤቶቹ መካከል ባለው ሜዳ በቀን ብርሃን እናሳየው» እንላለን። ይህም ቢሆን እንደሚወራው ቀላል አይደለም። ለሜዳውም ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ዝናብም አለ፤ ከሁሉ ይልቅ ከግቢው ውጭ ያለው ሰው፣ በእውነተኛው ሰልፍ ላይ የሚውለው፣ ሜዳችን ድረስ አይገባም። እርስ በርሳችን ተያይተን ብናጨበጭብ ድካማችን ለምን ይሆናል? ገንዘቡን የምንፈልገው ለምቾታችን አይደለም፤ ሰውየው ወዳለበት ሰፈር ለመሄድ ነው። «ይቅርብን» ማለት በኪሱ ላለው ሰው ነው የሚያምርበት።

ከዚህ ላይ አንድ ሦስተኛ ነገር አለን፤ እርሱም የራሳችን ፈጠራ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ማንኛውም ሰው አሳቡን በቃልም፣ በጽሑፍም፣ በሥነ ጥበብም ቢሆን የመግለጽ ነጻነት እንዳለው ይናገራል። ይኸው ሕግ በአንቀጽ 41 መንግሥት ለሥነ ጥበብ መስፋፋት አስተዋጽኦ የማድረግ ኃላፊነት እንዳለበት ይደነግጋል፤ አንቀጽ 91ም አቅም በፈቀደ መጠን ኪነ ጥበብን የማስፋፋት ግዴታ አለበት ይላል። ሁለቱ ነገሮች በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ነው ያሉት። «አንዱን ከወሰድህ ሌላውን ተው» የሚል ቃል በመካከላቸው የለም። መንግሥት ለጥበብ ሲሰጥ ቸርነት አደረገ አይባልም፤ ዕዳውን ከፈለ እንጂ። ዕዳውን የከፈለ ሰው ደግሞ ተቀባዩ በገንዘቡ ምን ወጥ እንደ ሠራ አይመረምርም።

ይህን ያህል ስንል ሒሳብ አይጠየቅብን ማለታችን እንዳይመስል። አልባሳቱ በስንት እንደ ተገዛ፣ ትኬቱ በስንት እንደ ተሸጠ፣ ደረሰኙ የት እንዳለ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ድረስ ይጠየቅ። የእኛ ገንዘብ ያዥ ይህን ቃል ስትሰማ እንደምትቈጣን እናውቃለን፤ ቢሆንም ይጠየቅ። ስድብና ስም ማጥፋት ቢገኝበትም ፍርድ ቤት አለ፤ ቴአትሩ ከታየ በኋላ፣ በግልጽ ችሎት፣ በሕግ ቁጥር ይከሰስ። የማንቀበለው ሒሳቡን የሚመረምረውና ጽሑፉን የሚያርመው አንድ ጠረጴዛ መሆኑን ነው። በቀይ እስክሪፕቶ የጻፈው ሰው ስለ መብራት ኪራይ ቢጠይቀን ኖሮ በደስታ እንመልስለት ነበር።

ስለዚህ ለዚያ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጽፈናል። ደብዳቤው አጭር ነው። የቀበሌው ሹም የቀበሌ ሹም ሆኖ እንደሚቀር፤ ገንዘቡን አሁንም እንደምንፈልገው፤ ገንዘቡ ካልተሰጠንም ምክንያቱ በጽሑፍና በፊርማ እንዲገለጽልን፤ ምክንያቱ የበጀት እጥረት ከሆነም በዚሁ መዝገብ ለሌላ ለማን ስንት እንደ ተሰጠ እንዲነገረን ለምነናል። በመጨረሻም ቀሪዎቹ ሁለት ግልባጮች እንዲመለሱልን ጠይቀናል፤ ለተዋናዮቹ የሚበቃ ግልባጭ የለንምና እናቲቱን የምትሠራው ልጅ ክፍሏን በእጇ ገልብጣ ነው የምታጠናው።

ደብዳቤው ገቢ ከሆነ ዛሬ አሥራ አንደኛ ቀኑ ነው። ልምምዱ እንደ ወትሮው ማክሰኞና ሐሙስ፣ ከምሽቱ በአሥራ ሁለት ሰዓት፣ በአሮጌው ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ይቀጥላል። በሰልፉ ትዕይንት ላይ የሚቆም ሰው አንሶናልና፣ ሁለት ሰዓት ያህል ዝም ብሎ መቆም የሚችል ቢገኝ ይምጣ።